ጎልማሳ ተማሪ እንዳያቋርጥ፦ የሰዓት፣ የቦታና የፊደል አሰናዳድ

የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ሲከፈት ሰው አይጠፋም። በምዝገባው ቀን መዝገቡ ይሞላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ ያጥራል። ችግሩ ኋላ ነው የሚመጣው። ወር ሳይሞላ ቁጥሩ መመናመን ይጀምራል፣ መኸር ሲደርስ አመቻቹ (የሚያስተምረው ሰው) እና ጥቂት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ። ያኔ «ፍላጎት የላቸውም»፣ «ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ይህን ሪፖርት አንቀበለውም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲሸከም ወይም ምጣድ ፊት ተቀምጦ ውሎ ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ፍላጎቱን በእግሩ አስመስክሯል። ካቋረጠ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የተሰጠው ሰዓት፣ የተቀመጠበት ወንበር፣ ብርሃኑ፣ የተጠራበት አጠራርና ያን ቀን ተምሮ ይዞት የሄደው ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ ሁሉም በእኛ እጅ ያሉ ናቸው።

እዚህ የምንጽፈው በገጠርና በከተማ ዳርቻ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ለሚያስተምሩ አመቻቾች፣ ሱፐርቫይዘሮችና በበጎ ፈቃድ ጣቢያ ለመክፈት ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ምሳሌዎቹ በአማርኛ ፊደል ላይ ናቸው፤ ሰዓትና ቦታን የሚመለከተው ግን በየትኛውም ቋንቋ ለሚሰጥ ትምህርት ያገለግላል።

ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው?

የትምህርቱ ሰዓት ከወረዳ ተወስኖ የወረደ ከሆነ ጣቢያው ሳይከፈት ብዙ ሰው አጥቷል። ከምዝገባ በፊት ሁለት ስብሰባ ይደረግ፤ አንዱ ለሴቶች ብቻ፣ ሌላው ለወንዶች ብቻ። መሬት ላይ ረጅም መስመር ይሰመር። አንደኛው ጫፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሌላኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሁን። ተሳታፊዎቹ ለእያንዳንዱ ሥራ ጠጠር ወይም ባቄላ እየያዙ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ላይ ያስቀምጡ፦ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ቁርስ፣ ከብት ማሰማራት፣ እርሻ፣ ወጥ መሥራት፣ ልጅ ማጠብ። ሲጨርሱ ጠጠር ያልበዛበት ቦታ ራሱ ይታያል። ሴቶቹ ዘንድ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ እሱም ጠባብ። ወንዶቹ ዘንድ ከብት ከገባ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲህ ነው። እነዚህን ሁለት ክፍተቶች «ለሁሉም የሚስማማ» ብሎ ማታ ላይ መደረብ ሴቶቹን ያስወጣል፤ በዚያ ሰዓት እሳት ላይ ያሉት እነሱ ናቸውና። ሁለት ፈረቃ ማድረግ ይሻላል። አመቻች አንድ ብቻ ከሆነና ሁለት ፈረቃ ካልተቻለ ቅድሚያ ለሴቶቹ ሰዓት ይሰጥ። ወንዶች ሰዓታቸውን ለማሸጋሸግ የተሻለ ነፃነት አላቸው።

ዓመቱንም እንደዚሁ መዘርጋት ያስፈልጋል። በመኸር አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ማንም አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም። በልግ በሚዘራበት በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ሌላው አገር ሥራ የሚፈታበት ጥርና የካቲት እርሻ ላይ ይውላል። ስለዚህ ከሌላ ዞን የተቀዳ የትምህርት ካሌንደር አይሠራም። ሥራ በሚበዛበት ወር ጣቢያውን ጨርሶ አትዝጉ። ሁለት ወር የተዘጋ ጣቢያ እንደገና ሲከፈት ግማሹ ፊደል ተረስቶ፣ ግማሹ ሰው አፍሮ ይገኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ አዲስ ነገር ሳይጨመር የቆየው ይከለስ።

በዓላትን የሚፈራቸው ብዙ አመቻች አለ። እኛ እንፈልጋቸዋለን። ክርስቲያኑ ገበሬ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ በሬ አይጠምድም፤ ከቅዳሴ መልስ ያለው ጊዜ ለትምህርት ይመቻል። የትኛው በዓል እንደሚከበር አጥቢያው ይለያያልና ጠይቁ። በሙስሊሙ አካባቢ የዓርብ ቀትር ለጁምዓ ይተው። በረመዳን የምሽቱ ፈረቃ ከማፍጠሪያውና ከተራዊሕ (የረመዳን የምሽት ሶላት) ጋር ስለሚጋጭ ወደ ቀን ይዙር። የገበያ ቀን ትምህርት አይያዝ። የእድርና የማኅበር ቀንም ታውቆ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ከበዓላቱ ጋር ይሰፍርና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ወረቀቱ ራሱ የንባብ ትምህርት ይሆናል።

የአንድ ቀን ትምህርት 90 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚዘልቅ የማታ ትምህርት እንቅልፍ ነው የሚያተርፈው። ያረፈደ ሰው እንዳይሸማቀቅ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ክለሳ ይሁኑ። አዲሱ ቃል ያኔ ስላልተጀመረ ዘግይቶ የገባ ሰው የሚያመልጠው ነገር አይኖርም፤ ቀድሞ የመጣውም ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም።

ቦታው፣ መቀመጫው፣ ብርሃኑ

ቀላሉ መፍትሔ የልጆቹን ትምህርት ቤት ማታ መጠቀም ይመስላል። ችግሩ አግዳሚው ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ልጅ የተሠራ መቀመጫ ከመሬት ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለአዋቂ ከ43 እስከ 45 ያስፈልጋል። 60 ዓመት የሞላቸው ሰው ጉልበታቸውን አገጫቸው አጠገብ አድርገው አንድ ሰዓት ተኩል አይቀመጡም። ሁለተኛው ጉዳት የሚታየው ከውጭ ነው፤ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ በልጅ ልጁ መታየት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። የእድር ቤት፣ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ውስጥ ያለ ዳስ የተሻለ ነው። የቀበሌ አዳራሽ ካገኛችሁ የስብሰባ ቀኖቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በስብሰባ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከበር የተመለሰ ሰው በሦስተኛው አይመጣም።

ሴቶች ከጨለመ በኋላ ብቻቸውን የሚመለሱበት ርቀት መኖር የለበትም። የግድ ከሆነ በመንደር ተቧድነው የሚሄዱበት ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ይሠራ። ባሎችም የሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነውና መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው።

መደዳ መቀመጥ ቀርቶ በግማሽ ክብ ይሁን። ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል፤ አመቻቹም ወደ እያንዳንዱ ሰው ደብተር ለመድረስ ማንንም አያስነሳም። በአንድ ጣቢያ ከ25 ሰው በላይ ከሆነ ይህ ይከብዳል፤ 30ን ካለፈ ለሁለት ይከፈል። መጻፊያ ጠረጴዛ ከሌለ ለየሰው 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ተቆርጦ ጭን ላይ ይቀመጥ። ጉልበት ላይ በደብተር ብቻ መጻፍ እርሳሱን ወረቀቱን እንዲበሳ ያደርገዋል፣ ሰውዬውም «እጄ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል።

ጥቁር ሰሌዳው ከሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ከሆነው፣ ይሠራ። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኋላ የተቀመጠው ያያል፤ አጠር ያሉ እናትም ተነሥተው ለመጻፍ አይንጠራሩም። ቀለሙ የማያብለጨልጭ ጥቁር መሆን አለበት። የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ይንሸራተታል፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃንም ጽሑፉን ያጠፋዋል። ለጀማሪ የሚጻፍ ፊደል ቁመቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በመስመሮች መካከልም ሌላ 8 ይተው።

የቀን ብርሃን በግራ በኩል ቢገባ በቀኙ የሚጽፍ ሰው የእጁ ጥላ አያስቸግረውም። ማታ ላይ የተለመደው ስህተት አንድ አምፖል ወይም የሶላር መብራት ከሰሌዳው በላይ መስቀል ነው። ሰሌዳው ይደምቃል፣ ደብተሩ ግን ጨለማ ይሆናል፣ መብራቱም በቀጥታ ዐይን ይወጋል። አንዱ መብራት ወደ ሰሌዳው የዞረ፣ ሌላው በተሳታፊዎቹ መካከል ከራስ በላይ የተሰቀለ ይሁን። አንድ ብቻ ካለ መካከል ላይ ይሰቀል።

ዐይንና እጅ

ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዐይን ቅርብ ያለን ነገር ማጥራት ይሳነዋል። ይህ በሽታ አይደለም፣ በሁሉም ላይ ይደርሳል፤ ግን ማንበብ ያልጀመረ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቀው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንዳቃተው ብቻ ነው። ስለዚህ በምዝገባ ቀን መርፌና ክር አምጡ። እጁን ዘርግቶ መርፌውን ከዐይኑ የሚያርቅ፣ ሩቅ ያለውን ከብት ግን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የማንበቢያ መነጽር ያስፈልገዋል። ከ+1.00 እስከ +3.00 ያሉት ቀላል መነጽሮች በየከተማው ይሸጣሉ። ሰውየው በሚጽፍበት ርቀት ላይ አንድ ገጽ ተይዞ ከዝቅተኛው ቁጥር ወደ ላይ እየተሞከረ፣ ጽሑፉ የጠራበት የመጀመሪያው ቁጥር ይወሰድ። መነጽር መግዛት ካልተቻለ ለእነዚህ ሰዎች በወፍራም እስክርቢቶ፣ በጉልህ ፊደል የተጻፈ ገጽ ይዘጋጅ። «አእምሮዬ አርጅቷል» እያሉ የሚያቋርጡ ብዙ እናቶችና አባቶች ያረጀባቸው ዐይናቸው ብቻ ነው። ይህን አለማወቅ ያሳዝናል፣ መፍትሔው ርካሽ ነውና።

ዐይኑ የሚያለቅስ፣ የዐይን ቆብ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወጋው ሰው ግን ትራኮማ ሊሆንበት ስለሚችል ለመነጽር ሳይሆን ለጤና ጣቢያ ነው የሚላከው። በጊዜ ከተደረሰበት በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ከቆየ ያሳውራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን መጋበዝ ለዚህም ይጠቅማል።

እጅን በተመለከተ፦ ሞፈርና መጥረቢያ የለመደ እጅ እርሳስን አንቆ ይይዛል፤ ጫፉ ይሰበራል፣ ጣት ይዝላል። መጀመሪያ በጣት አሸዋ ላይ፣ ቀጥሎ በጠመኔ ወለል ላይ ወይም በትንሽ ሰሌዳ ላይ ትልልቅ መስመር፣ ክብ፣ ዘንበል ያለ ሰረዝ ይሳል። ወደ ደብተር ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት መስመር ይዞ ይጻፍ። እስክርቢቶ አይቸኮልበት፣ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። መቅረጫው ለሁለት ሰው አንድ ይሁን፤ ለጣቢያው በሙሉ አንድ ከሆነ ትምህርቱ መቅረጫ ጥበቃ ላይ ያልቃል። በመጀመሪያው ቀን ግን ምንም ይሁን ምን ሰውየው ስሙን አይቶ ይሂድ፤ በካርቶን ላይ በጉልህ የተጻፈ ስሙን ይዞ ቤቱ ይግባ።

ፊደሉ በምን ይጀምር?

የአማርኛ ፊደል ገበታ 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ዓይነት፣ በድምሩ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ሳይቆጠሩ። ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ» ማለት ሰውን ያስበረግጋል። ከሀ እስከ ፐ እየተዘመረ ሲጠና ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ፤ ሰውየው ዜማውን ይይዛል፣ ፊደሉን አይይዝም። መካከል ላይ አንዱን ሲያሳዩት ከሀ ጀምሮ እየዘመረ ካልደረሰ አያውቀውም። ለልጅ ጊዜ አለው፤ ለአዋቂ ግን አንድ ወር ምንም ሳያነቡ መቆየት ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነው።

በቃል ይጀመር። የመጀመሪያው ቃል ቡና ይሁን። ከፊደሉ በፊት ስለ ቡና ሩብ ሰዓት ይወራ፦ ኪሎው ስንት ገባ? ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው? ስንት ሲኒ ይወጣዋል? ከዚያ ቃሉ በጉልህ ይጻፍና እየተጠቆመ ይነበብ። ካርቶኑ በቡ እና በና መካከል በመቀስ ይቆረጥ። ቡ ከእነ ቤተሰቡ ይውጣ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። ና ከእነ ቤተሰቡ፦ ነ ኑ ኒ ና ኔ ን ኖ። 14 ካርዶች ሆኑ። ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ካርዶቹን እያገጣጠሙ ቃል ይፈልጉ። ንብ ይወጣል። ና፣ ኑ ይወጣሉ። ሁለተኛው ቃል ማር ይሁን፤ የመ እና የረ ቤተሰቦች ይጨመራሉ። አሁን በ28 ፊደል ብቻ በር፣ ብር፣ በሬ፣ በርበሬ፣ ነብር፣ ኑሮ፣ ማን፣ ምን፣ ነበር፣ ሩብ፣ መኖር፣ ማንበብ ሁሉ ይጻፋሉ። የገበያና የቤት ቃላት ናቸው፤ ከእነሱም «በርበሬና ማር ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሠራል። በቀን ከአንድ ቤተሰብ በላይ ካልተጨመረ ይህ ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም። አዋቂ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

የቃላቱ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አይመረጥም። መልካቸው የሚመሳሰሉ ፊደላት ተከታትለው መምጣት የለባቸውም። በ፣ ለ እና ሰ ለጀማሪ ዐይን አንድ ናቸው፤ ተ እና ቀ፣ ጸ እና ጰ እንዲሁ። ለዚህ ነው ከቡና ቀጥሎ ላም የማንመርጠው። በ በደንብ ከተለመደ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ቃል አልፎ ለ ይምጣ። ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ ግን በላያቸው ላይ በሚጨመር ምልክት የሚለዩ ጥንዶች ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው በጣም ከታወቀ በኋላ ሁለተኛውን አጠገቡ ማሳየት ይረዳል።

ሰባቱን ዓይነት ስታስተምሩ ደንቡን አሳዩ፦ ካዕቡ (ሁለተኛው) ቀኝ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፣ ሣልሱ (ሦስተኛው) ቀኝ እግሩ ሥር፣ ኃምሱ (አምስተኛው) እግሩ ሥር ቀለበት። አዋቂ ሰው ደንብ ይወዳል፤ ሰባት የተለያየ ነገር ከሚሸመድድ አንድ ፊደልና ጥቂት ምልክት መያዝ ይቀለዋል። እንደ ረ ያሉ ከደንቡ የሚወጡት ሲደርሱ «ይህ ለብቻው ነው» ተብሎ ይነገር። ሳድሱና ሳብዑ (ስድስተኛውና ሰባተኛው) እንደየፊደሉ ይለዋወጣሉ፤ ሳድስ ደግሞ በቃላት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ነውና ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይሰጠው።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በመጀመሪያው ዓመት የክርክር ርዕስ አይሁኑ። ተሳታፊው ፀሐይን በየትኛውም ቢጽፍ ትክክል ነው ተብሎ ይለፍ፤ ሲያነብ ግን ሁሉንም እንዲያውቃቸው በተለያየ ቦታ ይታዩት። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይታይ አለ እና ዋና የመሰሉ ቃላት ሁለት ንባብ አላቸው። አንባቢው አላልቶ ቢያነበው ወዲያው አታርሙት፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ ጠብቃችሁ «ምን ማለት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሱ ይመልሰዋል፤ ለትርጉም ማንበብ የሚለመደውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። አንዱ በኅብረት ማንበብ ነው። 25 ሰው በአንድ ድምፅ ሲያነብ ደስ ይላል፣ ከመካከላቸው አምስቱ ግን የጎረቤታቸውን አፍ ነው የሚከተሉት። ካርዶቹን በትኖ ሁለት ሁለት ሰው እንዲጫወትባቸው ማድረግ ማንንም ሳያሳፍር ማን እንዳልያዘ ያሳያል። ሁለተኛው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። ንጹሕ ደብተር ሞልቶ የማያነብ ሰው አለ፤ እየሣለ ነው እንጂ እየጻፈ አይደለም። ቃሉን አንብቡት፣ ሰሌዳውን ጥረጉት፣ ከዚያ ይጻፉት።

90 ደቂቃው በእኛ ልማድ እንዲህ ይውላል፦ 10 ለክለሳ፣ 15 ለውይይት፣ 30 ለአዲሱ ቃልና ለካርዶቹ፣ 20 ለጽሕፈት፣ 15 ለቁጥር። የጽሕፈቱ ጊዜ ከተነካ ሌላው ሁሉ ይላላል፤ ውይይት ሲጥም ከጽሕፈት ላይ መስረቅ የአመቻቾች የተለመደ ድካም ነው።

ቁጥር

ማንበብ የማይችል ሰው ማስላት አይችልም ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ሦስት ኪሎ ተኩል በርበሬ በቃሏ አስልታ መልስ የምትሰጥ ሴት «አንድ ሲደመር አንድ» ስትባል ታዝናለች፣ ትክክልም ናት። መጀመሪያ «እንዴት አሰሉት?» ተብላ ትጠየቅ። ብዙዎች ከትልቁ ይጀምራሉ፤ ሦስቱን ኪሎ፣ ከዚያ ግማሹን። የወረቀቱ ስሌት ግን ከቀኝ፣ ከትንሹ ይጀምራል፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። መልሱን በቃል ካገኙ በኋላ ወረቀቱ ማረጋገጫ ሆኖ ይቅረብ።

የሚቀድሙት በብርና በስልክ ላይ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። ለልምምድ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር መልክ በካርቶን ይሠራ። የስልክ ቁልፎች በትልቅ ካርቶን ላይ ተስለው በጣት ይለመዱ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙ ጎልማሶች ወደ ጣቢያ የሚመጡት ለዚሁ ነው፤ ገንዘብ ሲላክላቸው መልእክቱን ሌላ ሰው ያነብላቸዋል፣ የምስጢር ቁጥራቸውንም ያ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ *127# ብሎ መጀመር፣ የመጣውን መጠን ማንበብ፣ የምስጢር ቁጥርን ራስ ብቻ ማስገባት። መጠኑ ሲነበብ ነጥቧ ትልቅ ችግር ናት፤ 1,500.00 የሚለውን መቶ ሃምሳ ሺህ አድርጎ የሚያነብ ብዙ ነው። ነጥቧና ከእሷ በኋላ ያሉት ሁለት ዜሮዎች ሳንቲም መሆናቸው በቀይ ተለይቶ ደጋግሞ ይታይ። እውነተኛ የምስጢር ቁጥር በደብተርም በሰሌዳም ፈጽሞ አይጻፍ፤ ለልምምድ የፈጠራ ቁጥር ይበቃል።

አጠራር፣ እርማት፣ የክፍሉ ሥርዓት

አመቻቹ ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ተሳታፊዎቹ የእናት የአባት እኩያ። በምዝገባ ቀን «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ አባ፣ መርጌታ፣ ሼህ። እርስዎ መባል ያለበትን ሰው አንተ ማለት አንድ ጊዜ ካመለጠ ለመመለስ ከባድ ነው። «ጎበዝ!» ለልጅ ያምራል፤ ለአረጋዊ ግን ያደረጉትን መናገር ይሻላል፦ «በርበሬን ያለማንም እገዛ አነበቧት»።

ማንንም በድንገት ወደ ሰሌዳ አትጥሩ። መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከጎረቤት ጋር፣ መጨረሻ ፈቃደኛ የሆነ በሁሉ ፊት። አማትና ምራት፣ ባልና ሚስት፣ ቄሱና የንስሐ ልጃቸው በአንድ ጣቢያ ሲገኙ ጥንድ አታድርጓቸው። ምራቲቱ እያወቀች ዝም ትላለች፤ አማትዮዋም ምራታቸው ፊት መሳሳት አይፈልጉም። ስህተት ሲኖር ትክክል የሆነው ክፍል አስቀድሞ ይነበብ፣ የሳተው ፊደል በሌላ ቃል ተመልሶ ይምጣ። በቀይ እስክርቢቶ የተሰረዘ ደብተር ቤት ሄዶ በልጆች ይታያል።

ሁሉም ከዜሮ አይጀምሩም። ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ያቆሙ አሉ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ፣ የሚያነቡ ግን የማይጽፉ አሉ፤ ቁርአን በዐረብኛ ያነበቡና ከቀኝ ወደ ግራ የለመዱ አሉ። በፈተና መለየት አያስፈልግም። በምዝገባ ቀን ስማቸውን፣ የሚሸጡትን እቃና ዋጋውን ራሳቸው እንዲጽፉ ይጠየቁ፤ የማይሆንላቸውን አመቻቹ ይጻፍላቸው። ያ አንድ ወረቀት ይበቃል። የሚያነቡት ረዳት ሆነው ይመደቡ፤ ግን የራሳቸውም ጽሕፈት እንዲኖራቸው አይረሳ፤ አለዚያ ለሌላው ሲሠሩ ቆይተው ምንም ሳይጨምሩ ይወጣሉ።

ሕፃን ይዛ የምትመጣ እናት በር አጠገብ ተቀምጣ ግማሹን ብቻ ትሰማለች። ጥግ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ሕፃን የማይውጣቸው መጫወቻዎች ይቀመጡ፣ በተራ አንዲት ሴት ትጠብቃቸው። ተራዋ የደረሰው ሴት ያመለጣትን ቃል ካርዱን ቤቷ ይዛ ትሂድ። ከፍ ያሉ ልጆች ግን በመስኮት እንዳያዩ ይሁን፤ የሚስቁት በክፋት ባይሆንም የሚጎዳው አንድ ነው።

የግብርናና የጤና ባለሙያዎች መምጣታቸው መልካም ነው፤ የሥራው ዓላማም ትምህርቱ ከኑሮ ጋር እንዲገጥም ነው፣ የ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂም ይህንኑ ይላል። ግን ከ20 ደቂቃ በላይ አይሰጣቸው። ለትምህርት የመጣ ሰው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ካገኘው በሌላ ጊዜ ይጠነቀቃል። ባለሙያው የሚናገርበት ዋና ቃል ከሁለት ቀን በፊት ተጠይቆ የዚያ ቀን የንባብ ቃል ይደረግ።

ሰው ሲጠፋና ሲጨርስ

ሁለት ቀን ተከታትሎ የቀረ ሰው ቤት በሦስተኛው ቀን ይኬድ፤ የሚሄደው አመቻቹ ሳይሆን አብሮት የሚማር ጎረቤቱ ቢሆን ይሻላል። «ለምን ቀረህ?» ክስ ነው። «ያለፈውን ካርድ አመጣሁልህ» ብሎ መግባት ይቀላል። ለቅሶ የደረሰበት ሰው መዝገብ ላይ እንደ ቀሪ አይቆጠር፤ ክፍሉ በሙሉ ሄዶ ያስተዛዝን፣ ያን ቀን ትምህርት አይኑር። የቀሪዎችን ስም በሰው ፊት ማንበብ ፈጽሞ አይጠቅምም።

መጨረሻ ላይ የሚመዘነው በሕይወት ውስጥ የሚገጥም ነገር ይሁን፦ የመድኃኒት ከረጢት ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ በቁጠባ ማኅበር መዝገብ ላይ ከጣት አሻራ ይልቅ መፈረም፣ ቀጠሮ ወረቀት ላይ ቀንና ሰዓት ማግኘት፣ አጭር መልእክት ጽፎ መላክ።

ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር ከሌለ ግን የተማሩት ይጠፋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ያስተማረ፣ ከዩኔስኮም ሽልማት ያገኘ ታላቅ ሥራ ነበር። ያም ሆኖ ያኔ ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎች ቤታቸው አንድ የሚነበብ ወረቀት ሳይኖር ዓመታት አልፈው ወደነበሩበት ተመልሰዋል። ስለዚህ የጣቢያው ሥራ በምስክር ወረቀቱ ቀን አይቆምም። ከሁሉ የቀለለው የግድግዳ ወረቀት ነው። በየገበያው ማግስት ሁለት ተሳታፊዎች በተራ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የእህሉን፣ የበርበሬውን፣ የቅቤውን ዋጋ፣ የእድሩን ማስታወቂያ፣ የጠፋ ከብት ካለ መልኩን ይጻፉ። ከ40 እስከ 50 ቃል ይበቃል፣ ፊደሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። የፊደል ግድፈቱን አመቻቹ ከመለጠፉ በፊት ከጸሐፊዎቹ ጋር ለብቻ ያርመው። የሚለጠፈው ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይሁን፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ ከሆነ ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱ አይጣል፤ በአንድ ጠርዙ ተሰፍቶ ይቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ዙር ተማሪዎችም የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ይሁን።